ጉርሻው ከጉሮሮ ካለፈ በኋላ

እኛ እናቶች ልጅ በላ የምንለው ሳህኑ ባዶ ሲሆን ነው። ዳሩ ግን ምግብ ከጉሮሮ አለፈ ማለት ከሰውነት ደረሰ ማለት አይደለም። ይህን በሚገባ የተረዳሁት በታናሽ እህቴ ልጅ ሕመም ሰበብ ነው።

ልጁ ጡት ከጣለ በኋላ ምግቡ ጠዋትም ማታም የቡላ ገንፎ ሆነ። ተቅማጥም አመላለሰው። ቆይቶ እግሩና ፊቱ ሞላ፤ ጎረቤቶቻችንም «ማሻአላህ፣ ወፈረልሽ» አሏት። እናቴ ግን እግሩን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ስትለቀው ስርጉዱ ቶሎ አልሞላም። «ይህ ሥጋ አይደለም፤ ውኃ ነው» አለችን። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ሕመሙ ኳሽዮርኮር ነበር። ስሙ የመጣው ከጋና የጋ ቋንቋ ሲሆን፣ ታናሽ ሲወለድ ከጡት የተገለለ ልጅ የሚይዘው በሽታ እንደማለት ነው። የፕሮቲን ማነስ፣ ተቅማጥና ሌላም ኢንፌክሽን ሲደራረቡ ይከሰታል።

ከዚያ በኋላ ምግብ ሆድ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን መጠየቅና ማንበብ ጀመርኩ። ፕሮቲን በጨጓራና በትንሹ አንጀት ተፈጭቶ አሚኖ አሲድ ይሆናል። አሚኖ አሲዶች 20 ዓይነት ናቸው፤ 9ኙን ሰውነታችን ሊሠራቸው ስለማይችል ከምግብ ብቻ ያገኛቸዋል። የአንጀት ሕዋስ በቅባት ሽፋን የታጠረ ስለሆነ፣ በውኃ የሚሟሟው አሚኖ አሲድ አጥሩን እንዲሁ አያልፍም። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ በሮች አሉ። ሕዋሱ ጉልበት እያወጣ፣ በገበታ ጨው ውስጥ ያለውን ሶዲየም በጀርባው በኩል ያስወጣል። ሶዲየሙ በፊት ለፊት ተመልሶ ሲገባ አሚኖ አሲዱን አብሮ ይዞት ይገባል። ሁለት ወይም ሦስት ሆነው የተያያዙ አሚኖ አሲዶች ደግሞ ሌላ የራሳቸው በር አላቸው። በመጨረሻም በጀርባው በር ወደ ደም ያልፋሉ። ኦ.አር.ኤስ. ስኳርና ጨው አንድ ላይ የያዘውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ ሁለቱ ተያይዘው ሲገቡ ውኃው ይከተላቸዋል።

የኩላሊትም ሥራ ከዚህ አይለይም። የአዋቂ ሰው ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራል። አሚኖ አሲዱም አብሮ ይወርዳል፤ ነገር ግን የኩላሊት ቱቦ ሕዋሳት ከመቶ 98 እጅ በላይ የሚሆነውን በመሰል በሮች መልሰው ለደም ያስረክባሉ። ሲስቲኑሪያ በሚባለው የዘር ሕመም አንደኛው በር በአንጀትም በኩላሊትም ይበላሻል። ያን ጊዜ ሲስቲን የተባለው አሚኖ አሲድ በሽንት ተጠራቅሞ ጠጠር ይሆናል። እንግሊዛዊው ዎላስተን እ.ኤ.አ. በ1810 ያገኘው ከፊኛ ጠጠር ውስጥ ነበር። በዚያው በር ይገባ የነበረው ላይሲን ግን ከሌሎች ጋር እንደተያያዘ በሌላኛው በር ስለሚገባ በሽተኛው አይራብም። ሱብሐነላህ!

እህቶቼ፣ ልብ በሉ፤ በሮቹ ራሳቸው የተሠሩት ከፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ያጣና ተቅማጥ ያደከመው ልጅ የአንጀቱ ገጽ ይሳሳል፤ በሮቹም ይቀንሳሉ። ያበጠን ልጅ በአንድ ጊዜ ሥጋ እናጥግበው ማለት አደጋ የሚሆነውም ለዚህ ጭምር ነው። ሕክምናው በልክና በደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሐድያ ባድዋቾ ወረዳ በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዱ ሕፃናት ሆስፒታል ሳይተኙ፣ በተዘጋጀ ምግብ በቤታቸው እንዲታከሙ ተሞክሮ መልካም ውጤት ተገኝቷል። ዛሬ አሠራሩ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። የእኛም ልጅ በፕላምፒ ነት በቤቱ ታክሞ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዳነ።

ቆጮና ቡላ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን እጅግ ጥቂት ነው። የሲዳማ እናቶች ቆጮን ከወተት ጋር ማቅረባቸው ትልቅ ብልሃት ነው። ወተት ላጣ ቤት ባቄላና ሽምብራ አለ፤ ጥራጥሬ ከእህል ጋር ሲደባለቅ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ሐይቃችንም ሩቅ አይደለም። ከአሞራ ገደል የተገዛ ዓሣ፣ በደንብ በስሎ አጥንቱ ተለቅሞ ከገንፎው ጋር ቢደባለቅ ዘጠኙንም አሚኖ አሲዶች ይዟል። ልጅ ያበጠ ሲመስላችሁ ግን ስለ ምግብ ከማሰባችሁ በፊት እግሩን በጣታችሁ ጫን አድርጉ፤ ስርጉዱ ቶሎ ካልሞላ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።