የእጅ ጀርባ

በ1990 ዓ.ም. ክረምት የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅሁ ሳለ፣ እናቴ "ሰፈር ለሰፈር ከምትዞር እጅህን ሥራ አስለምደው" ብላ ለጎረቤታችን ለመካኒኩ አስረከበችኝ። ጋራዡ ሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ቁልቁለት ግርጌ ነበር። ጋራዥ ማለቴ ለወጉ ያህል ነው፤ የቆርቆሮ አጥር፣ በባሕር ዛፍ ምሰሶ የቆመ ጣሪያና ዘይት ጠጥቶ የጠገበ መሬት ብቻ ነበር። ሰውየውን ጋሼ ነበር የምንለው። እኔ እስከ ዛሬ በሌላ ስም ጠርቼው አላውቅም።

እንጦጦን ወርዶ የሚመጣ መኪና አንዳንዴ ከመታየቱ በፊት ይሸት ነበር። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ከእርጥብ ባሕር ዛፍ ጢስ ጋር ሲደባለቅ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ጋሼ ባለመኪናውን በወጉ ሰላም ከማለቱ በፊት አራቱን ጎማዎች ይዞራል። በየቸርኬው ፊት ቁጢጥ ይልና የቀኝ እጁን ጀርባ ያስጠጋል፤ አይነካም፣ ያስጠጋል ብቻ።

"ጋሼ፣ በመዳፍህ ለምን አትለካውም?" አልኩት አንድ ቀን።

"መዳፌማ ድሮ ሞቷል" አለኝ። እውነቱን ነበር። ከምድጃ ፍም በጣቱ አንስቶ ሲጋራ ሲለኩስ በዓይኔ አይቻለሁ። "ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ከሞቁ ቁልቁለቱ ነው። አንዱ ብቻ ከሞቀ ግን ፍሬኑ ይዟል።"

ፍሬኑ ለምን እንደሚይዝ ያስረዳኝ በቁርስ ሰዓት ነው። ቁርሳችን ቦንቦሊኖና ሻይ ነበር። ቦንቦሊኖውን በአውራ ጣቱና በአራቱ ጣቶቹ መሃል ያዘው። "ይኼ ዲስኩ ነው፣ ከጎማው ጋር የሚዞረው። እጄ ካሊፐሩ ነው። አውራ ጣቴ ፒስተኑ ነው፤ የሚገፋው እሱ ብቻ ነው። ማዶ ያሉት ጣቶች የራሳቸው ጉልበት የላቸውም። ግን አውራ ጣቴ ሲገፋ እጄ በሙሉ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ የማዶዎቹም መጥተው ይይዛሉ። አየህ?" አየሁ። "በል አሁን አንጓዬን ጥብቅ አድርገህ ያዝ።" በሁለት እጄ ያዝኩት። አውራ ጣቱን ሲጫን ቦንቦሊኖው በአንድ ወገን ብቻ ተሰረጎደ፤ በማዶ በኩል ስኳሩ እንኳን አልተነካም። "ፒኗ ስትደርቅ እንዲህ ነው" አለና የተሰረጎደውን ቦንቦሊኖ በላው።

ፒን የምንላት ካሊፐሩ የሚንሸራተትባትን ዘንግ ነው። የጣት ያህል የምትወፍር፣ የጣት ያህል የምትረዝም፣ አንገቷ ላይ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ጎሚኒ ያጠለቀች ብረት ናት። ለአንድ ጎማ ሁለት ሁለት ናቸው።

ጋሼ ራሱ እጁን ያፍታታው በላዳ ነው፤ ያኔ ከተማውን የሞሉት ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎች። የላዳ የፊት ፍሬን ከዲስኩ በሁለቱም ወገን ፒስተን ስላለው ካሊፐሩ ካለበት አይነቃነቅም፤ እንደዚህ የምትቀባ ፒንም የለችው። ኮሮላ ዲኤክስ ወደ ጋራዡ መመላለስ ስትጀምር ነው እነዚህን ቀጫጭን ዘንጎች እየተቃጠለ የለመዳቸው። "ጃፓን ቆጣቢ ነው፣ በአንድ ፒስተን ሁለት ሸራ ያሠራል" ይል ነበር። አድናቆት ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

የመጀመሪያዋን ፒን ያወጣሁት የአንዲት አስተማሪ ዲኤክስ ላይ ነው። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አገድን፤ ጋሼ ክሪክን አምኖ አያውቅም። ቸርኬው ወረደ፣ ብሎኖቹን ፈታሁ፣ ካሊፐሩ ተነቀለ። በፍሬን ቱቦው ተንጠልጥሎ ሊቀር ሲል ጋሼ ከወዲያ ጮኸ፦ "አንገቷ ነው! በአንገቷ ትሰቅላታለህ?" በሽቦ ከሞላው ጋር አሠርኩት። ከዚያ ሁለቱን ሸራዎች አውጥቶ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ጎን ለጎን አስተኛቸው። የውስጠኛው ከሳንቲም የማይወፍር ሆኗል፤ የውጭኛው አዲስ ሊባል ምንም አልቀረውም። ቦንቦሊኖውን ማስታወስ አላስፈለገኝም።

የላይኛዋ ፒን በጣት ስትሳብ ሹልክ ብላ ወጣች። የታችኛዋ እንቢ አለች። በቁልፍ ግራ ቀኝ እያወዛወዝን ስናወጣት ቡናማ ሆና፣ ያረጀው ቅባት ጀበና ገንፍሎ ጎኑ ላይ እንደሚደርቅ ቡና ጋግሮባት ነበር። ፒኗን በቤንዚን እንዳጥባት ነገረኝና ጎሚኒውን ከእጄ ነጠቀ። ጎሚኒ ቤንዚን አይነካውም፤ ለእሱ ከፋርማሲ የተገዛ አልኮልና ንጹሕ ጨርቅ ነበረው። ፒኗን በብርጭቆ ወረቀት ልፈገፍጋት ስል ደግሞ እጄን መታኝ። ላይዋ ላይ ያለው ስስ ልባስ ከተፋቀ ዝገቱ ተመልሶ የሚመጣው በወሩ ነው። ሁለቱ ፒኖች መንትያ እንደማይሆኑም ያን ዕለት አየሁ፤ አንደኛዋ ጫፏ ላይ ትንሽ የጎማ ቀለበት ነበራት፣ ቦታዋን ከእኅቷ ጋር ማለዋወጥ አይቻልም።

ቅባቱ በትንሽ ቱቦ የሚመጣ፣ ለጎማ ተብሎ የተሠራ ነበር፤ ጋሼ ከሶማሌ ተራ እየገዛ በባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጠዋል። እኔ ደህና አድርጌ ጠቀጠቅሁት። አውጥቶ ጠረገውና "እናትህ ምጣድ ስታስስ አላየህም?" አለኝ። "አስሳት እንጂ አታጉርሳት።" ቅባት ከበዛ ቀዳዳው ውስጥ አየር ይታፈናል፤ ፒኗን ብትገፋትም ትመለስብሃለች። ልክ ሲሆን በአውራ ጣት ለስለስ ብላ ትገባለች፣ ስትለቃትም በጣም ጥቂት ወደ ኋላ ትላለች፣ እንደሚተነፍስ ነገር። ያቺን ትንሽ መመለስ ለማየት ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደገፋኋት አላስታውስም።

ሁሉ ነገር ተገጥሞ ሲያልቅ ጋሼ ገብቶ ፔዳሉን ሦስት አራቴ ይረግጣል። አዲስ ሸራ ለማስገባት ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለተገፋ የመጀመሪያው ርግጫ ወለል ድረስ ይወርዳል። ይህን ሳያደርግ ሞተር ሲያስነሳ አይቼው አላውቅም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አስተማሪዋ መኪናዋን ከሳምንት በኋላ ለሌላኛው የፊት ጎማ ይዛ መጣች። ጋሼ ለቅሶ ሄዶ ነበር። እኔ እንደ ትልቅ ሰው "ግድ የለም እትዬ፣ እኔው እሠራዋለሁ" አልኩ። ሁሉን እንዳየሁት አደረግሁ፤ በድንጋይ አገድኩ፣ በሽቦ አሠርኩ፣ አጠብኩ፣ አሰስኩ። የወተት ቆርቆሮው ግን ተቆልፎበት ስለነበር ያሰስኩት ለኩሽኔታ ከምንጠቀምበት ትልቅ ጣሳ ባወጣሁት ግራሶ ነው። ግራሶ ግራሶ ነው ብዬ። ፒኗ ከዚያኛዋ የበለጠ ለስልሳ ገባች እንዲያውም።

አስተማሪዋ ለፍልሰታ እናቷን ልታይ ደብረ ማርቆስ ሄደች። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወንዙን ተሻግሮ መልሶ ይወጣል። ነሐሴ ማብቂያ ላይ ስትመለስ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትጎትት ነበር። ጋሼ እጁን አስጠግቶ ገና ሳይነካ መለሰው። ጎማው ሲወርድ የኔው ጎሚኒ አብጦ፣ እጥፋቱ ጠፍቶ፣ እንደ ረጠበ ሽምብራ ተነፍቶ ነበር። ከማዕድን ዘይት የሚሠራውን ግራሶ ያ ዓይነት ጎማ ይጠጣዋል፤ ሙቀቱ ደግሞ ያጣድፈዋል። ፒኗ ቀዳዳዋ ውስጥ ታንቃ ቀረች።

"ምን ሆና ነው ወንድሜ?" አለች አስተማሪዋ።

"የኔ ጥፋት ነው እትዬ። አንቺ አትከፍይም" አላት። ወደ እኔ አልዞረም። ያን ጊዜ ቢቆጣኝ፣ ጥፊም ቢያቀምሰኝ ይቀለኝ ነበር።

ማታ ሁለት አሮጌ ግን ደህና ጎሚኒዎች ፈልጎ አመጣ። አንዱን ግራሶ ጣሳ ውስጥ ነከረው፣ ሌላውን በሚስማር አጥሩ ላይ ሰቀለው። አንዲት ቃል አልተናገረም። መስከረም ላይ፣ ትምህርት ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የተነከረውን አውጥቶ ጠርጎ ከተሰቀለው ጎን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። አንዱ የሌላው ታላቅ ወንድም ይመስል ነበር።

መካኒክ አልሆንኩም። ከዚያ ወዲያ ሁለት ክረምት ሠራሁና በቀለም ትምህርቱ ገፋሁ፤ አሁን ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። መኪናዬን አቁሜ ጎማዎቹን በእጄ ጀርባ ስዞር ግን ልጄ በመስኮት እያየች "ደግሞ ትኩሳት ሊለካ ነው" ትላለች።

ባለፈው ፋሲካ ጋሼን ልጠይቀው ሄድኩ። ጋራዡ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ዓይኑም ደክሟል። እንጦጦ ደርሼ ወርጄ ስለነበር ቪትዟ ገና አልቀዘቀዘችም። ሰላም ከተባባልን በኋላ ትከሻዬን ይዞ ወደ መኪናዋ እንድወስደው ጠየቀኝ። በየቸርኬው ፊት ቁጢጥ ማለት አልቻለም፤ በርጩማ አመጣሁለት። አንድ ባንድ እጁን አስጠጋ።

"የፊት ግራው" አለ። "ታችኛዋ ትመስለኛለች። ቁልፍ ይዘሃል?"

ይዤ ነበር። ከኋላ ክሪኩን ሳወርድ፣ እሱ በእግሩ ጣቶች መሬቱን እየዳበሰ ድንጋይ ፍለጋ አጥሩ ሥር ደርሷል።