ከኋላችን የሚመጣው ሰው

መቼም ብስክሌት የገዛ አዲስ አበቤ አንድ በሽታ አለበት፤ ከተማው አይበቃውም። እኛን አራት ጓደኛሞች ይህ በሽታ የያዘን በ2011 ዓ.ም. ነው። “መንገድ ለሰው” ተብሎ በወር አንድ እሑድ ዋና ዋና ጎዳናዎች ለመኪና ይዘጉ በነበረበት በዚያ ዓመት ፔዳል ረገጥን፣ ለመድን፣ ጠገብን። ከዚያ ዓይናችንን ጣርማ በር ላይ ጣልን። ሐሳባችን ቀላል ነበር፤ ብስክሌቶቹን በመኪና እስከ ዋሻው ማድረስ፣ ከዚያ ቁልቁለቱን እየተንደረደሩ ደብረ ሲና መግባት፣ የደብረ ሲናን ቆሎ እየቆረጠሙ መመለስ። መኪናውን የሚያወርደው ዕጣ የወጣበት ምስኪን ነው።

ችግሩ መጫኑ ላይ መጣ። ያለችን አንዲት ቪታራ ናት፤ እሷም ትርፍ ጎማዋን ጀርባዋ ላይ አዝላለች። “ፖርቶ መጋላ ላይ እንጫነው” ያለው ጓደኛችን ወዲያው በድምፅ ብልጫ ተሸነፈ። አራት ብስክሌት ጣራ ላይ ማንሳት ወገብ ይፈልጋል፤ ነፋሱ ነዳጅ ያስበላል፤ ደግሞም እውነቱን እንናገር፣ ፖርቶ መጋላ ከእኛ ይልቅ በግና ፍራሽ ለሚጭን ሰው የሚያምር መሰለን። አሸናፊው ሐሳብ በፊልም ያየነው ነው፤ ከመኪናው ኋላ መጎተቻው ላይ የሚሰካ መስቀያ።

የአንዳችን አክስት ዋሽንግተን ናቸው። ተለመኑ፤ እሺ አሉ፤ መስቀያው ተፈታትቶ በሻንጣ መጣ። ስንገጣጥመው ግን የሚገባበት ቀዳዳ የለም! የአሜሪካኑ መስቀያ የተሠራው ሁለት ኢንች ስፋት ላለው ባለአራት ማዕዘን ማስገቢያ ነው። የእኛ ቪታራ ያላት ደግሞ እንደ አውሮፓውያኑ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ የብረት ኳስ ነው። መጠኑ ተቀራራቢ፣ ነገሩ ሰማይና ምድር።

አንድ ብየዳ ቤት ሄድን። ቱቦላሬ ተቆረጠ፣ ተበየደ፤ መስቀያው ከትርፍ ጎማው እንዲርቅም ክንዱ እንዲረዝም አዘዝን። ያዘዝነው እኛ ነን፤ ሰውየው የተነገረውን ሠራ። ማታ ብስክሌቶቹን ሰቅለን ከጎን ፎቶ ተነሳን። ከጎን ስትታይ እንዴት ታምር ነበር!

ከደብረ ብርሃን በኋላ ጉም ወረደ። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለውን ጣርማ በርን የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ዋሻ ውስጥ ገባን። መሃል ላይ ከፊታችን አህዮች ብቅ አሉ። ፍሬን ያዝን። ከኋላችን የከባድ መኪና ጡሩምባ፣ ቀጥሎ የጎማ ጩኸት... ከዚያ ዝምታ። ዞር ብለን ስናይ የኋላው መስታወት በሙሉ የጭነት መኪና አፍንጫ ሆኗል።

ከዋሻው ስንወጣ ሾፌሩ አስቆመን። ሸበቶ፣ ነጠላ ያጣፋ ሰው ነው። ስድብ ጠብቀን ነበር፤ አልተሳደበም።

“እናንተ ልጆች፣ ፍሬን ስትይዙ አንድም መብራት አላየሁም። ያየሁት የብስክሌት ጎማ ነው።”

“ጋሼ፣ መብራቱ እኮ ይሠራል” አልነው።

“ለማን?” አለን፤ መልስ ሳይጠብቅ መኪናው ላይ ወጣ።

ከመኪናችን አሥር እርምጃ ርቀን ቆምን። እውነቱን ነው። የፍሬን መብራቱ ከጎማ ጀርባ ነው፤ ሰሌዳው የለም፤ ያስረዘምነው ክንድም ወደ መሬት ዘቅዝቋል። ስንመርጥ ስለ ብስክሌቱ አሰብን፣ ስለ ውበቱ አሰብን፣ ስለ ወገባችን አሰብን። ከኋላችን ስለሚመጣው ሰው ግን ማንም አላነሳም። ያን ቀን ደብረ ሲና የወረድነው በመኪና ነው፤ ሁለት ብስክሌት ውስጥ ገብቶ፣ ሁለት ፖርቶ መጋላው ላይ ታስሮ። ተሸናፊው ጓደኛችን እስከ ቆሎው ድረስ ቃል አልተነፈሰም፤ ዝምታው ከንግግሩ የከበደ ነበር።

ስለዚህ ለሚገዛ ሰው ትንሽ ምክር። መጀመሪያ የመኪናህን መመሪያ መጽሐፍ ክፈት፤ መጎተቻው ከላይ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም ተጽፏል። አንድ ብስክሌት 15 ኪሎ ቢሆን አራቱ 60 ነው፤ የመስቀያው የራሱ ክብደት ይጨመርበት። ሸክሙ ከመኪናው በራቀ ቁጥር ጫናው ይብሳል፤ ስለዚህ ትርፍ ጎማ ለሚያዝል መኪና ክንዱ ከፋብሪካ ረዝሞ የተሠራውን ፈልግ እንጂ አታስረዝም። ብስክሌቱን በወገቡ አንጠልጥሎ ከሚያወዛውዘው ይልቅ በሁለት ጎማው የሚያቆመው ይሻላል። መብራትና የሰሌዳ ቦታ ያለው ይሁን። ሰቅለህ ስትጨርስ ደግሞ ፎቶውን ተወውና አንዱ ፍሬን ይርገጥልህ፤ አንተ ከኋላ ቆመህ እይ።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ብዙ ሰው ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞሯል። የገዛኸው መኪና ጭራሽ መጎተቻ እንዲገጠምለት ያልተፈቀደ ሊሆን ስለሚችል፣ መስቀያ ከማዘዝህ በፊት ጠይቅ። ወደ ሰሜን ሸዋ ለመውጣት ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ከመስቀያው በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ “መንገዱ ሰላም ነው ወይ?” የሚለው። የጣርማ በር ቁልቁለት ለእኛ እስካሁን ዕዳ ነው።

አዲስ መስቀያ ገዝተናል፤ ለኳሱ የተሠራ፣ ባለመብራት። በገጠምነው ቁጥር አንዳችን ወደ ኋላ ሄዶ ይቆማል። ሌላው ፍሬን ይረግጥና “ይሠራል?” ይላል።

“ለማን?” እንለዋለን።