አውቶቡስና ሐኪም ቤት የማን ይሁኑ?

በከተማ የሚኖር ቤተሰብ እህልና ውሃ ካገኘ በኋላ ያለ እነርሱ ሊኖር የማይችልባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ ይኸውም ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው መጓጓዣና በታመመ ጊዜ የሚረዳው ሐኪም ነው። እነዚህ ሁለቱ በመንግሥት እጅ ቢሆኑ ይሻላል ወይስ በባለሀብት እጅ የሚለው ክርክር በየቤቱ ማዕድ ላይ ሳይቀር ይነሣል። አንዱ ወገን መንግሥት የያዘው ነገር ባለቤት የለውም ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ ነጋዴ የያዘው ነገር ለድኃ አይደርስም ይላል። እኛም ሁለቱን ወገኖች በቤታችን ስንሰማ የኖርን ስለ ሆነ፣ ነገሩን ረጋ ብለን መርምረን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

አስቀድመን የመጓጓዣውን ነገር እንመልከት። በአዲስ አበባ አንበሳ ተብሎ የታወቀው አውቶቡስ ቀድሞ የአክሲዮን ማኅበር ሀብት ነበረ፤ ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግን ወደ መንግሥት እጅ ገባ። ዋጋው ርካሽ ስለ ሆነ ተማሪውና ጡረተኛው ይወዱታል፤ ነገር ግን በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ተስፋ እንጂ እርግጠኝነት የለም። የግል ሰዎች ሀብት የሆነው ታክሲ በበኩሉ ቶሎ ይመጣል፤ ዳሩ ግን ትርፉ የሚገኘው ሰው ከበዛበት መንገድና ሰዓት ስለ ሆነ፣ ጎዳናው በተበላሸበት ሰፈርና ቀኑ በመሸ ጊዜ ተፈልጎ አይገኝም። አንዳንዱም መንገዱን እያቆራረጠ አንዱን ጉዞ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ ርዝመቱ 34 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የከተማ ባቡር አብዛኛው ገንዘቡ ከቻይና በብድር የተገኘ ነው። በጀመረ ጊዜ ሕዝቡ እጅግ ደስ ብሎት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን መለዋወጫ ዕቃ እያጠረ ከባቡሮቹ ብዙዎቹ ከሥራ ውጭ ሆነው ቆሙ። ስለዚህ ገዝቶ ማምጣት አንድ ነገር ነው፤ ጠግኖ ማኖር ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

የሕክምናውም ነገር ከዚህ አይለይም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእኅታችን ልጅ በቤታችን ሳለች ሌሊት በድንገት ታመመች። አውቶቡስም ታክሲም በማይገኝበት ሰዓት ስለ ነበረ፣ ጎረቤታችንን ከእንቅልፉ ቀስቅሰን በመኪናው ወደ አንድ የግል ሐኪም ቤት አደረስናት። ስፍራው ንጹሕ፣ ሠራተኞቹም ትሑታን ነበሩ፤ ነገር ግን ሐኪሙ ሳያያት አስቀድመን የመያዣ ገንዘብ እንድናስገባ ተጠየቅን። በእጃችን የነበረው ስላልበቃ ወደ መንግሥት ሐኪም ቤት ይዘናት ሄድን። በዚያ አንዲት ወጣት ሐኪም ስለ ገንዘብ አንዳች ሳትጠይቅ ወዲያው ተቀበለቻት። ይሁን እንጂ አልጋ ስላልነበረ ልጅቱ እስኪነጋ በእናትዋ ጭን ላይ ተንተርሳ አደረች፤ የታዘዘላት መድኃኒትም በዚያው ስላልተገኘ አባትዋ በከተማው ውስጥ ከመድኃኒት ቤት ወደ መድኃኒት ቤት ሲዞር ነጋበት። ልጅቱ ዳነች። እኛም በዚያች ሌሊት የአንዱ በር ክፍት ሆኖ ጓዳው ባዶ መሆኑን፣ የሌላው ጓዳ ሙሉ ሆኖ በሩ በገንዘብ ብቻ የሚከፈት መሆኑን ተረዳን።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከለንደን በቀር በሌሎቹ ከተሞች የአውቶቡስ ሥራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ለነጻ ውድድር ተለቀቀ፤ ባለሀብቱም የሚያዋጣውን መንገድ መርጦ ዋጋውን ራሱ ይቈርጥ ጀመር። በለንደን ግን አውቶቡሱን የሚያሠሩት የግል ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ መንገዱን፣ ሰዓቱንና ዋጋውን የሚወስነው የከተማው መሥሪያ ቤት ነው፤ ኩባንያዎቹም በጨረታ ተወዳድረው ይገባሉ። የማንቸስተር ከተማም ብዙ ዘመን በነጻው ውድድር ከቈየች በኋላ፣ ከ2023 እስከ 2025 ባለው ጊዜ አውቶቡሶችዋን የለንደንን ወደሚመስል ሥርዓት መለሰች። የጤና ሚኒስትር የነበረው አኒዩሪን ቤቫን በ1948 ባቋቋመው የሕዝብ ሕክምናም ሆስፒታሎቹ በመንግሥት እጅ ገቡ፤ የየሰፈሩ ሐኪሞች ግን አብዛኞቹ ከመንግሥት ጋር ተዋውለው በግል የሚሠሩ ናቸው። ሕመምተኛው ለመታየት አይከፍልም፤ ሆኖም በዚያም አገር ወረፋው ረጅም ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንማረው፣ ንብረቱ የማን ነው ከሚለው ጥያቄ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ሌሎች ጥያቄዎች መኖራቸውን ነው። መንገዱንና ዋጋውን የሚወስን ማን ነው? ስለ ድኃው የሚከፍል ማን ነው? መለዋወጫውና መድኃኒቱ ሲጐድል ተጠያቂው ማን ነው? እነዚህ መልስ ካላቸው ሥራውን መንግሥትም ቢይዘው ነጋዴም ቢይዘው ሕዝብ ይጠቀማል፤ መልስ ከሌላቸው ግን የባለቤቱ ስም ቢለወጥ ወረፋውም መያዣውም እንዳለ ይኖራል። በአገራችንም መልካም ጅማሬ አለ። ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናና የወላዶች እርዳታ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድንም ጤነኛው ለታመመው አስቀድሞ እንዲያዋጣ የሚያደርግ፣ እንደ ዕድራችን ያለ ብልሃት ነው።

ስለዚህ የቤተሰብ አለቆች ሕመም ሳይመጣ መድን እንዲገቡ፣ የአውቶቡሱንም ወንበር እንደ ቤታቸው ወንበር እንዲጠብቁ እናሳስባለን። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ የሕዝብ ንብረት ባለቤቱ እኛው ራሳችን ነን። ሥልጣን ያላችሁ አንባቢዎቻችን ደግሞ በወር አንድ ቀን መኪናችሁን ትታችሁ በአውቶቡስ ብትሄዱ፣ ልጃችሁም ሲታመም የመንግሥቱን ሐኪም ቤት ወረፋ ብትቀመጡበት፣ ብዙ ሪፖርት የማይነግራችሁን ነገር በአንድ ቀን ታውቃላችሁ። ሹም ራሱ የሚጠቀምበት ነገር ጓዳው ቶሎ ይሞላልና።