ጉና ሲጠቁር ጣና ዳር ምን ይሆናል?

ልጆቼ «የባሕር ዳርቻ» ሲባል የሚታያቸው በቴሌቪዥን ያዩት ነው። ነጭ አሸዋ፣ ትልልቅ ጥላ፣ ሰሌዳ ላይ ቆሞ በማዕበል አናት የሚንሸራተት ጎረምሳ። አንድ ቅዳሜ ትልቁ ልጄ የአንድ የውጭ አገር ባሕር ዳርቻ ትንበያ በስልክ ከፍቶ አሳየኝ። የማዕበሉ ቁመት በሜትር ተጽፏል። አንዱ ማዕበል ካለፈ በኋላ ቀጣዩ ስንት ሰከንድ ቆይቶ እንደሚመጣ ተጽፏል። የነፋሱ አቅጣጫ፣ የውኃው ሙቀት፣ ባሕሩ የሚሞላበትና የሚሸሽበት ሰዓት ሳይቀር ተደርድሯል። «የጣናስ?» አለኝ።

የጣናን ፈለግን። የባሕር ዳር ከተማን ስም ስንጽፍ አንዲት የፀሐይ ሥዕልና አንድ የሙቀት ቁጥር መጡ። በቃ። ልጄ «እንግዲያው ጣና ማዕበል የለውም ማለት ነው» ብሎ ወደ ጨዋታው ሄደ። እኔን ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። እኛ ቤት የጣና ዳር ትንበያ ስንት ዓመት ሲነገር ኖሯልና። ተናጋሪዋ እናቴ ናት። የምትኖረው ከሐይቁ ርቃ ደብረ ታቦር ሲሆን የምታየውም ሐይቁን ሳይሆን ጉናን ነው።

ታላቅ እህቴ፣ እኛ እታለም የምንላት፣ የተዳረችው ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ጉማራ ወንዝ ጣና ሊገባ ሲል ከሚያልፍበት አካባቢ። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ጣና ደግሞ ከ1,800 ሜትር ትንሽ ዝቅ ይላል። ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና ይነሣሉ፤ ሁለቱም ጣና ውስጥ ይጨርሳሉ። ስለዚህ እናቴ ጓሮዋ ቆማ የምታየው ዳመና ዞሮ ዞሮ እታለም ደጃፍ የሚደርስ ውኃ ነው። የሚመጣው ግን በሰማይ ሳይሆን በወንዝ ነው። ያውም ሰዓታት ቆይቶ፣ ምናልባትም ፎገራ ላይ ፀሐይ ወጥታ ልብስ እየተሰጣ።

እናቴ ሚሊ ሜትር የሚባል ነገር አታውቅም። ጉና ጠዋት ጥርት ብሎ ታይቶ ከሰዓት በኋላ ጉም ቢለብስ ደንታም አይሰጣት፤ ክረምት ነዋ! የሚያሳስባት ተራራው ጠዋትም ሳይገለጥ ሲውል፣ ነጎድጓዱ ሳያርፍ ሲያድር፣ የሰፈሩም ጅረት ቡና የመሰለ ውኃ ይዞ ሲወርድ ነው። ሁለት ቀን እንዲህ ከሆነ «ጉና ጠቁሯል» ትላለች። ሦስተኛውን ቀን አትጠብቅም።

የ1998 ዓ.ም.ን ክረምት ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋን በሌሊት በመታው ጎርፍ ነው። ከዚያ በነሐሴ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ወጣ። በዚያው ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከም ተጥለቀለቁ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። እታለም ያኔ ስልክ አልነበራትም። እናቴ መናኸሪያ ሄዳ ወረታ ለሚወርድ ሹፌር ቃል ሰጠችው። ሹፌሩ ወረታ ላይ ለምናውቀው እህል ነጋዴ፣ ነጋዴው ደግሞ ወደዚያው ለሚመለስ ገበያተኛ። መልእክቱ አራት ቃል ነበር፦ «ጉና ጠቁሯል፣ ከብቶቹን አውጡ።»

የእህቴ ባል ሳቀ አሉ። እውነቱን ነው፤ እሱ ዘንድ ሰማዩ ክፍት ነበር። እታለም ግን ልጆቹንና ከብቶቹን ይዛ ከፍ ያለ ቦታ ወዳሉ ዘመዶቹ ሄደች፤ እሱም እያጉረመረመ ተከተለ። ውኃው የመጣው በማግሥቱ ሌሊት ነው። የጭቃ ግድግዳው ተናደ፣ ጎተራው ከነእህሉ ሄደ። ሰውና ከብት ተረፈ። ከጎረቤቶቻቸው መካከል ላሞቻቸውን ያጡ ነበሩ። እናቴ ይህን ታሪክ ለሰው ስትናገር እንደ ጀብዱ አትናገረውም። «እህሉንም አውጡ በይ አይለኝም ነበር ምላሴ?» ነው የምትለው፣ እስከ ዛሬ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። እኛ ደብረ ታቦሮች በቡሄ ጉዳይ ትንሽ እንኮራለን፤ ከተማችንና በዓሉ ስም ይጋራሉ። ነሐሴ 13 ካለፈ ክረምት የለም የሚለውን አባባልም ሲሰማ ያላደገ የለም። ለደጋው አባባሉ ብዙም አይዋሽም፤ ከዚያ በኋላ ዝናቡ እየሳሳ ይሄዳል፣ ጅራፉም ይጮኻል። ለሐይቁ ዳር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጣና ከዓመቱ ሁሉ ከፍ የሚለው መስከረም አካባቢ ነው። ወንዞቹ የክረምቱን ውኃ ገና እያስረከቡ ነው፤ ከሐይቁ የሚወጣው ወንዝ ግን አንድ ዓባይ ብቻ ነው፤ እሱም ጨረጨራ ላይ በተሠራው በር እየተለካ ይለቀቃል። ሐይቁ ሲሞላ ርብና ጉማራ መግቢያ ያጣሉ፤ ያመጡትን ይዘው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ደብረ ታቦር ላይ ችቦ በርቶ ሙልሙል ሲታደል እታለም ገና እግሯ ውኃ ውስጥ ነው። በአንድ ዞን ውስጥ፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ፣ ክረምት የሚወጣው በሁለት የተለያየ ቀን ነው።

ወደ ልጄ ጥያቄ ልመለስ። ጣና ማዕበል አለው። አይተነዋልም።

የካቲት 2012 ዓ.ም. ነበር፣ ኮሮና አገራችን ሳይገባ። ልጆቹን ይዘን ደብረ ታቦር ሰነበትንና አንድ ቀን ወደ ባሕር ዳር ለመውረድ ተነሣን። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቤት ስንወጣ ልጆቹ በእናቴ ጋቢ ተጠቅልለው ነበር። ዓለም በር ላይ ጋቢው ወረደ፣ ወረታ ላይ ሹራቡ፣ ሐሙሲት ስንደርስ የመኪናው መስኮት ሁሉ ተከፈተ። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ከምናምን ያህል ይለያያልና ከእናቴ ቤት እስከ ሐይቁ ያለው 900 ሜትር ቁልቁለት አንድ ሹራብ ያስወልቃል። ልጆች ይዘው ለሚወርዱ እናቶች ይህ ከማንኛውም የፀሐይ ሥዕል ይበልጣል።

ባለቤቴ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ስልኩን አየ፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይላል። ስለዚህ ቀስ ብለን ምሳ በልተን፣ ሞቅ ሲል ጀልባ ብንወጣ የሚል ሐሳብ አቀረበ። የጀልባው ባለቤት ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ስልኩን ቢያሳያቸውም አላዩትም።

«ሰማዩን አይደለም የምጠይቀው፣ ጋሼ፤ ሰዓቱን ነው» አሉት። «አሁን ከሆነ እሺ። ከሰባት ሰዓት በኋላ ግን ልጅ ጭኜ አልወጣም፤ ብር ቢጨምሩልኝም።»

ሦስት ሰዓት ላይ ወጣን። ውኃው እንደ መስተዋት ነበር። ትንሿ ልጄ እጇን ከጀልባው አውጥታ ስትስለው የጣቷ መሥመር ከኋላችን ይቀር ነበር። ዘጌ ደርሰን፣ ተሳልመን፣ ቡናው ዛፍ ሥር ዞር ዞር ብለን ከስድስት ሰዓት ተኩል በፊት ተመለስን። ምሳ የበላነው ዳር ላይ ተቀምጠን ነው። ስምንት ሰዓት ሲሆን ናፕኪኑ ከጠረጴዛው በረረ። ቀና ስንል ሰማዩ ላይ አንዲት ዳመና የለችም፤ ሐይቁ ግን ሌላ ሐይቅ ሆኗል። አመድማ ቀለም ያዘ፣ ነጭ ነጭ ራስ አወጣ። በዚያ መሐል አንድ ሰው በደንገል ታንኳ ወደ ዳር እየቀዘፈ ነበር። ማዕበሉ ይደብቀዋል፣ ይገልጠዋል፣ መልሶ ይደብቀዋል። «ሰውየው ሰመጠ?» አለችኝ ትንሿ። ባለቤቴ ማኘክ አቁሞ ነበር። ሰውየው ግን ደረሰ። ታንኳውን ጎትቶ አወጣና እንዲደርቅ አቆመው፤ ደንገል ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ቅጠል ጭቆ እጁን ጠራረገና ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን በመጠኑ ለማወቅ ሞክሬያለሁ። ፀሐይዋ የብሱን ከውኃው ፈጥና ታሞቀዋለች። የብሱ ላይ ያለው አየር ወደ ላይ ሲነሣ ቀዝቀዝ ያለው የሐይቁ አየር ወደ ዳር ይገባል። ለዚህ ነው ነፋሱ ረፋዱን አስተኝቶ ከቀትር በኋላ የሚነሣው፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ጭምር። በልጄ ስልክ ላይ የነበረው ውቅያኖስ ማዕበሉን የሚያመጣው ከሩቅ ነው፤ በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አውሎ ነፋስ ያስነሣው ማዕበል ከቀናት በኋላ ዳር ላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ይሰላል። የጣና ማዕበል የዚያው ቀን ልጅ ነው። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሰፋም ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ የሚነሣ ማዕበል አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ይሆናል። ዝቅተኛ ጀልባን የሚያስቸግረው ቁመቱ ብቻ አይደለም፤ አንዱን ሳትጨርስ ሌላው መምጣቱ ነው። ሰሌዳ ይዞ የሚንሸራተት ጎረምሳ እዚህ ምንም አያገኝም። ታንኳ ቀዛፊ ግን ነፍሱን ሊያጣ ይችላል።

በክረምትም ያው ሰዓት ነው ቁም ነገሩ። ደጋው ላይ ዝናቡ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እናቴ ከሰባት ሰዓት በኋላ በርበሬ አታሰጣም። ሐይቁ አካባቢ ግን ብዙውን ጊዜ ማታና ሌሊት ይዘንባል። ስልኩ ለሁለቱም ያንኑ የዝናብ ጠብታ ሥዕል ይሰጣል።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበጋ፣ የበልግና የክረምት ትንበያ ሲያወጣ እከታተላለሁ፤ የሚዘራውን ለሚመርጥ ገበሬ ትልቅ ነገር ነው። ለሐይቅ ዳር ቤተሰብ ግን ሌላ ዓይነት ነገር ብመኝ ይፈቀድልኝ። ነፋሱ ዛሬ በስንት ሰዓት ይነሣል? ጉና ላይ ትናንት ምን ያህል ወረደ? እምቦጩስ ዛሬ የት ነው? ይህ የመጨረሻው ቀልድ አይደለም። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የበረታው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻዎች፣ ማለትም በእኛው በኩል ነው። ሥሩ መሬት አልያዘምና ነፋስ ይነዳዋል። ጠዋት ክፍት የነበረ የታንኳ መግቢያ ማታ አረንጓዴ ሜዳ ሆኖ ይጠብቃል፤ የእታለም ጎረቤት መረቡን የጣለበትን ቦታ ፈልጎ ያጣበት ቀን አለ።

ሌላም አለ። ያን ቀን ልጆቹ ዳር ላይ ካልተንቦጫረቅን ብለው አለቀሱ፤ እኔም እንቢ አልኩ። በጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ አለ። ቀንድ አውጣው የሚወደው ደግሞ ልጆች የሚወዱትን ቦታ ነው፤ ጥልቀት የሌለውን፣ ሣር ያለበትን፣ ሞቅ ያለውን ዳር። «እንግዲያው ላንጋኖ ውሰጅን» አለ ትልቁ። ላንጋኖ ከቢልሃርዚያ ነጻ ነው ስለሚባል ዋናተኛ ይመርጠዋል፤ ይሁንና እዚያም ቢሆን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አይቀርም።

አሁን እታለም ስልክ አላት። ነሐሴ ሲገባ እናቴ በየቀኑ ትደውላለች፤ ንግግራቸው አንድ ደቂቃ አይሞላም። «ጉና?» «ታይቷል።» «ተመስገን።» አንዳንድ ቀን ደግሞ «አልታየም» ይባላል፤ ያን ጊዜ እታለም ጤፉን ወደ ቆጡ ታወጣለች። እህሉን ማስወጣት በትንበያው ውስጥ ከ1998 በኋላ የገባ ነው።

በዚህ ሳምንት ልጄ ራሱ ደወለላት። ለመስቀል እንምጣ ወይ፣ ማዕበሉስ ስንት ሜትር ነው ብሎ ጠየቃት። ሳቋ እኔ ድረስ ተሰማ።

«ለመስቀልማ አይሆንም፣ የኔ ጌታ» አለችው። «ውኃው ገና ከሩዙ ውስጥ ነው። ሩዙ ይታጨድ፣ ጓያው ይዘራ፣ ሜዳው እግር ይቻል። ጥር ላይ ኑ። ግን በጠዋት ነው የምትነሣው፤ ተኝተህ ብትውል አላሳይህም።»