በቅርብ ቀን

በአማርኛ ከተጻፉ ነገሮች ሁሉ ብዙ ሰው ያነበበው የቱ ነው ብትሉኝ "በቅርብ ቀን" የምትለዋን እጠቁማለሁ። ሁለት ቃል ናት። ደራሲዋ አይታወቅም። በፊልም ፖስተር ግርጌ፣ በሲኒማ ቤት በር፣ በግንብ አጥርና በመብራት ምሰሶ ላይ ስትለጠፍ ኖራለች። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረ ጊዜ አንድ ቀን ተማሪዎቼን "ጊዜ የሚጠቁም፣ ግን ጊዜ የሌለው ሐረግ ስጡኝ" ብላቸው፣ ከኋላ የተቀመጠ ዝምተኛ ልጅ እሷኑ አምጥቶ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው። ሙሉ ማርክ ሰጠሁት። እውነትስ፣ በቅርብ ቀን መቼ ነው? ገንዘብ የተገኘ ዕለት፣ ኤዲቲንጉ ያለቀ ዕለት፣ ሲኒማ ቤቱ ተራ የሰጠ ዕለት ነው። እስከዚያው ፖስተሩን ፀሐይ ያነጣዋል፣ ዝናብ ይልጠዋል፣ በላዩም ሌላ "በቅርብ ቀን" ይለጠፍበታል።

ፈረንጆቹ ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። ዓመታቸው ሊያልቅ ሲል ጋዜጣና መጽሔቱ ሁሉ በመጪው ዓመት በጉጉት የሚጠበቁ ፊልሞችን ዝርዝር ያወጣል፣ ቀኑ ከነወሩ ተቆርጦ። ለ2026 ከተጠበቁት ዋነኛው የክሪስቶፈር ኖላን "ኦዲሲ" ነበር። በእኛ አቆጣጠር ለሐምሌ 10 ቀን 2018 ቀን ተቆረጠለትና፣ አይማክስ በሚባሉት ግዙፍ ስክሪኖች ለሚታይባቸው ጥቂት ቤቶች ትኬቱ ልክ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2017፣ መሸጥ ጀመረ። ብዙው ወዲያው አለቀ። እስቲ አስቡት፤ ገና ያላለቀ ፊልም! (እኛም ከዓመታት በፊት ገንዘብ አስቀምጠን የምንጠብቀው ነገር አለን፤ ኮንዶሚኒየም።) እነሱም ቢሆኑ ሁልጊዜ ቃላቸውን አይጠብቁም። የ2009ኙ "አቫታር" ሁለተኛ ክፍል ስንት ጊዜ ቀን እየተቀየረለት ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ በ2022 ነው የመጣው። ግን ቀኑ ሲዛወር እንኳ የተዛወረበት ቀን ይነገራል።

እኛ ዘንድ የሚጠበቅ ጠፍቶ አይደለም። ኃይሌ ገሪማ በ1999 እ.ኤ.አ. "አድዋ"ን ካወጣ በኋላ ስለ አምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ የሚተርክ ተከታይ ይሠራል ሲባል ከሃያ ዓመት በላይ ሰምተናል። "ጤዛ" ራሱ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበት ነው በ2008 ቬኒስ ላይ ታይቶ የዳኞቹን ልዩ ሽልማት የወሰደው። የኛ ሰው ፊልም የሚጠብቀው የተሰደደ ዘመድ በሚጠብቅበት ሆድ ነው። ይመጣል ይላል፣ ቀን ግን አይቆርጥም።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን ለዘመድ ለቅሶ ወደ ከሚሴ ወርጄ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ሰንበቴን ካለፈ በኋላ፣ ኮምቦልቻ ከመድረሱ በፊት ያገኛታል፤ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ብዙው አንባቢ የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ይመስለኛል። ሹፌሩ ምሳ ብሎ ይቆማል፣ ሰው ይበላል፣ እጁን ይታጠባል፣ ይሄዳል። እኔ ግን ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ለቅሶ ቤት ደግሞ እንደምታውቁት ሲቀመጡበት ጊዜው አይገፋም፤ ከሰዓት በኋላ እየወጣሁ መንገዱን እመታ ነበር። ሲኒማ ቤት የሚባል አላየሁም። ያየሁት ሚሞሪና ፍላሽ የሚጭኑ ሱቆችን ነው። ከነሱ በአንዱ፣ ኮምፒዩተሩን በፌስታል ሸፍኖ ከአቧራ በሚከላከል ወጣት ዘንድ፣ በርጩማ ተሰጥቶኝ ሁለት ከሰዓት አሳለፍኩ።

የፈረንጆቹን ዝርዝር አነሳሁበትና "ለመሆኑ እዚህ በጣም የሚጠበቀው ፊልም የቱ ነው?" አልኩት።

"ጋሼ፣ እዚህ የሚጠበቅ የለም፤ የደረሰ ነው ያለው" አለኝ።

የደረሰው ምንድን ነው? የህንድ ይበዛል፣ ቱርክ ይከተላል፣ አማርኛ ኮሜዲ አለ። የህንዱ "ትርጉም" ነው። ትርጉም ፊልም ላልገጠመው አንባቢ ላስረዳ፤ አንድ ሰው ብቻውን የአክተሩን፣ የእናቱን፣ የወንጀለኛውንና የዳኛውን ቃል በአማርኛ እየተረከ፣ መሃል ላይ የራሱን ቀልድ ጣል እያደረገ ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር ይዞት ይሄዳል። የተማረ ሰው በዚህ ይስቃል። እኔ ግን ዓመታት ሙሉ በክፍል ውስጥ ስለ ቃል ተራኪዎች ሳወራ ኖሬ፣ ተራኪውን በሥራ ላይ ያገኘሁት እዚህ ነው። ሆሜርም ቢሆን የሁሉንም ድምፅ ብቻውን ይዞ ነው የተረከው።

በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴት ስልኳን ይዛ መጣች። ከወጣቱ ጋር በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ቀጥለው እንደገና በኦሮምኛ ጨረሱት፤ ከሚሴ እንዲህ ነው የሚወራው፣ ማንም ልብ አይለውም። የፈለገችው አክተሩ የማይሞትበት የህንድ ፊልም ነው። ልጁ ስልኩን ሰክቶ "ሞልቷል እኮ፣ የቱ ይጥፋ?" አላት። የሞላው በቪዲዮ ነው፤ በየሰው ስልክ ሲዘዋወር የኖረ፣ የተቃጠለ ቤት፣ የሚሸሽ ሰው፣ የተኩስ ድምፅ። በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ በዞኑና በጎረቤቱ ሰሜን ሸዋ የሆነውን፣ አጣዬ የደረሰባትን አገር ያውቀዋል። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ከሚሴ ገባ። ሴትየዋ ብዙም ሳታስብ "እሱን አጥፋልኝ፣ ሠርጉን እንዳትነካ" አለችው። አጠፋው። ቦታ ተገኘ። ህንዱ ተጫነ።

እሷ ከሄደች በኋላ "ብዙ ሰው ነው የሚያስጠፋው?" አልኩት።

"አንዳንዱ ያስጠፋል። አንዳንዱ ደግሞ ይቺ ትቀመጥልኝ፣ ያኛዋን አጥፋ ይላል" አለኝ።

ይቺኛዋ የምትቀመጠው የራስ ወገን ቤት የተቃጠለባት እንደሆነች አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም። እዚያው ቁጭ ብዬ የተሰማኝ ግን ይህ ነው፤ ስለዚህ አገር የተቀረጸው ተንቀሳቃሽ ምስል አብዛኛው በስልክ፣ እየሸሹ፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ የተቀረጸ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የያዘውም ግማሹን ነው። ሁለቱን ግማሾች አንድ ላይ አይቶ ከጨለማ ቤት እኩል ዓይኑን እየጠረገ የሚወጣ ተመልካች እስካሁን አልተገኘም። ፖለቲከኛ ይህን አያደርግም። ዜናም አያደርገውም። ፊልም ግን አንዳንዴ ያደርገዋል።

ሲኒማችን ደግሞ ከኦሮሞ ባህል ቃል መዋስ የጀመረው ዛሬ አይደለም። የሚሼል ፓፓታኪስ "ጉማ" በ1974 እ.ኤ.አ. ሲሠራ ስሙንም ነገሩንም ያገኘው ከኦሮሞው የደም ካሳ ሥርዓት ነው። የቪዲዮ ፊልሙ ዘመን በ1990ዎቹ ሲከፈት ከቀደሙት አንዱ "ጉዲፈቻ" ይባላል። በ2006 የተጀመረው የፊልም ሽልማት እንኳ "ጉማ" ነው ስሙ። ቃሉን ወሰድን፣ ሽልማት ሰየምንበት፣ መልካም። የገደለንና የሞተበትን ወገን ዛሬም በአበጋሮች ፊት ቁጭ አድርጎ የሚያስታርቀው የወሎ ሰው ግን በየፊልሙ ሲያልፍ እንጂ ሲኖር አይታይም። ወሎ ሲነሳ ቆንጆ ልጅና የቡና ረከቦት ነው የሚመጣው። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው በሦስት በአራት ቋንቋ የሚዋዋለውን ለማየት ካሜራ ተሸክሞ የሚወርድ የለም። በበጋ ከብቱን ይዞ ወደ ጨፋ ረግረግ ስለሚወርደው አርብቶ አደር፣ ሣርና ውኃ እዚያ እንዴት እንደሚያጣላና እንደሚያስታርቅ እኔ ሦስት ፊልም ይታየኛል፤ ምን ያደርጋል፣ ገንዘብ የለኝ!

አይሠራም የሚለኝ ካለ ጄሲካ በሽርን ይመልከት። "ፋያ ዳዪ"ን ስለ ሐረርና ስለ ጫት ልትሠራ አሥር ዓመት ገደማ ተመላልሳ፣ በጥቁርና ነጭ፣ አብዛኛውን በኦሮምኛ ሠርታ በ2021 ሰንዳንስ ላይ አሳየችው። ለኦስካር በዶክመንተሪ ዘርፍ ከመጨረሻ ዕጩዎች በፊት በሚወጣው አጭር ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነበር። የከሚሴውን ወጣት ጠየቅሁት፤ ስሙን ሰምቶት አያውቅም። "ስለ ጫት ነው" ስለው ሳቀ። "እሱንማ ዞር ብለው ይዩት፣ ምን ፊልም ያስፈልገዋል" አለኝ፤ ጉንጩ ሞልቷል።

በመጨረሻው ቀን ልሰናበተው ስሄድ "ያ ትኬቱ አስቀድሞ ያለቀው ፊልም ስለ ምንድን ነው?" አለኝ። ነገርኩት። መምህር አይደለሁ፣ አሳምሬ ነው የነገርኩት። ሰውየው አሥር ዓመት ይዋጋል። ጦርነቱ ያልቃል፣ ወደ ቤቱ ጉዞ ይጀምራል፣ መንገዱ ሌላ አሥር ዓመት ይፈጅበታል። አብረውት የወጡት ሁሉ ያልቃሉ። ሞቷል ተብሎ እንግዳ ሰው ቤቱን ሞልቶ ሚስቱን አግቢን ይላል። በመጨረሻ ለማኝ መስሎ ደጁ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያውቀው አሮጌ ውሻው ነው። "እኛም 'ጤዛ' የሚባል አለን" አልኩት፣ "ተምሮ፣ ተጎድቶ ወደ እናቱ መንደር ስለሚመለስ ሰው።" ስለ "ጤዛ" አልጠየቀኝም። ሐሳቡ ከመጀመሪያው ሰውዬ ጋር ቀርቷል።

"ቤቱስ አልተቃጠለም?" አለኝ።

"አልተቃጠለም። ከብቱን ግን እንግዶቹ አርደው ሊጨርሱበት ነበር።"

"ከብት ይተካል" አለ። ዝም ብሎ ጥቂት ቆየና ፌስታሉን ከኮምፒዩተሩ ላይ ገለጠ። "በሉ ጋሼ፣ ሲደርስ እጭንልዎታለሁ። ትርጉሙን ነው ኦርጅናሉን?"

"ትርጉሙን" አልኩት።