ወንበር ከማንቀሳቀስ በፊት

ፊደልን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠን የቈጠርን፣ ዲቁናም ተቀብለን ኋላ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ለመምህርነት የበቃን ነን። ሌላውን ስናስተምር ኖረን፣ ዕድሜያችን አርባን ካለፈ በኋላ ስለ አንድ ክፍል አሰናዳድ ከባልደረባችን የተማርነው ነገር አለና ለአንባብያን ልናካፍለው ወደድን።

እንደሚታወሰው የኮሮና በሽታ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ በዚያው ወር ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች በቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ታዘዙ፤ መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ትምህርት ቤቶች በየደረጃው መከፈት የጀመሩት በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ነው።

የምናስተምረው በቡራዩ ነው። ባልደረቦቻችን ከዚያው ከቡራዩ፣ ከሰበታና ከሱሉልታ ይመጣሉ፤ እነዚህም አዲስ አበባን ከበው የሚገኙ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። ትምህርት ሊጀመር ሲል ርእሰ መምህሩ ሰባት ወር ያህል ተዘግቶ የከረመውን የመምህራን ክፍል እንድናሰናዳ እኛንና ሁለት ባልደረቦቻችንን አዘዙ።

በመሐል የነበረውን ረጅም ጠረጴዛ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተን የምንቀመጥበትንም አግዳሚ ወንበር አወጣን። በስፍራቸው ትንንሽ ጠረጴዛዎችን ሁለት የአዋቂ እርምጃ እያራራቅን አቆምን። መስኮቱን ጋርዶ የኖረውን ቁም ሣጥን አዛወርን፤ ከደጅ የእጅ መታጠቢያ ውኃ ከነሳሙናው አኖርን። ጨርሰን ስናየው ደስ አለን።

ከመካከላችን ታሪክ የሚያስተምሩ አንድ ዓይነ ስውር መምህር አሉ። በልጅነታቸው በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው፤ በዕድሜ ስለሚበልጡን ጋሼ እንላቸዋለን። ከበሽታው በፊት የረጅሙን ጠረጴዛ ጠርዝ በእጃቸው እየተከተሉ ያለ በትር ከቦታቸው ይደርሱ፣ እያንዳንዳችንንም በድምፃችንና በእጃችን ይለዩን ነበር።

ሥራ በተጀመረ በመጀመሪያው ቀን ገቡ፤ በሁለተኛውም ገቡ። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ግን በዕረፍት ሰዓት ከግቢው ዛፍ ሥር ብቻቸውን መቀመጥ ጀመሩ። እኛም በሽታውን ፈርተው ነው ብለን በልባችን ፈረድን፤ እንዲያውም ጥንቃቄያቸውን አመሰገንን። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ኋላ ግን የዝውውር ማመልከቻ እንዲጽፍላቸው አንዱን ወጣት መምህር መለመናቸውን ሰማን።

ሄደን «ጋሼ፣ ምን አስከፋዎት?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ዲያቆን፣ ክፍሉን ለዓይን አሳምራችሁታል፤ ለእጄ ግን የሚይዘው አልተዋችሁለትም» አሉን። «ጠረጴዛው የለ፤ መጨባበጥም ቀርቷል፤ አፋችሁ ተሸፍኖ ድምፃችሁ ስለ ታፈነ ማን ማን እንደ ሆነ አልለይም። በገዛ መሥሪያ ቤቴ እንግዳ ሆንሁ።» ይህን ብለው ሱሪያቸውን ከፍ አድርገው በጠረጴዛ ማዕዘን የተላጠ ቅልጥማቸውን አሳዩን።

የዚያን ሰዓት እፍረት ዛሬም አልለቀቀንም። ፊደል ያስቈጠሩን የኔታ ራሳቸው ዓይነ ስውር ነበሩና። በሾላው ጥላ ሥር ተቀምጠን ስናነብ አንዳችን እንኳ ቦታ ብንለውጥ በድምፃችን ያውቁብን ነበር። ከእንዲህ ያለ መምህር ተምረን ሳለ፣ ሁለት እርምጃ ብለን ስንለካ የማን እርምጃ እንደ ሆነ ሳንጠይቅ ቀረን።

በማግሥቱ ክፍሉን እንደገና አሰናዳን፤ አሁን ግን እርሳቸው ከፊት እየሄዱ ነበር። ከበሩ እስከ ጠረጴዛቸው ድረስ ግድግዳውን የሚከተል አንድ ቀጥተኛ መተላለፊያ ተከፈተ፤ በዚያ ላይ ወንበርም ሆነ የደብተር ክምር እንዳይቀመጥ ተስማማን። ዕቃ የሚዛወር ከሆነ አስቀድሞ እንዲነገራቸው ሆነ። የብሬል ወረቀት ወፍራምና ሰፊ ነውና ሰፋ ያለ መደርደሪያ ተሠራላቸው። የሚገባም ሁሉ በመጨባበጥ ፈንታ ስሙን ተናግሮ ሰላምታ ይሰጥ ጀመር።

ይህን ባየች ጊዜ ከሱሉልታ የምትመላለስ አንዲት መምህርት እስከዚያ ቀን የደበቀችውን ተናገረች። በንጋት የእንጦጦን ብርድ አቋርጣ ለምትመጣው ለእርስዋ የሰጠናት ቦታ በሁለት ክፍት መስኮቶች መካከል ነበር። መስኮቱን መዝጋት አልተቻለም፤ በሽታው በአየር የሚተላለፍ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ በመሥሪያ ቤት ለአንድ ሰው በሴኮንድ 10 ሊትር ንጹሕ አየር እንዲገባ መክሯል። ስለዚህ መስኮቱ እንደ ተከፈተ ቀረ፤ የእርስዋ ጠረጴዛ ግን ነፋስ ወደማይደርስበት ማዕዘን ተዛወረ።

የዝውውሩ ማመልከቻ ሳይጻፍ ቀረ። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የበሽታው ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ካስታወቀ ቆይቷል፤ በክፍላችንም ጠረጴዛዎቹ ተቀራርበዋል፤ እጃችንም ወደ መጨባበጥ ተመልሷል። መተላለፊያው ግን እስከ ዛሬ ክፍት ነው፤ ከደጃፍ ስምን ተናግሮ ሰላም ማለትም ልማዳችን ሆኖ ቀርቷል።

እንግዲህ መሥሪያ ቤት የሚያሰናዱ ኃላፊዎች ቀለሙንና ወንበሩን ከመምረጣቸው በፊት በዚያ የሚቀመጠውን ሰው ይጠይቁ፤ ይልቁንም ችግሩን ለመናገር የሚያፍረውን አስቀድመው ይጠይቁ እንላለን። በየቤታችንም ዓይናቸው የደከመ አባት ወይም እናት ይኖራሉ። ለበዓል ብለን ዕቃ ስናዛውር፣ እንግዳ ከመግባቱ በፊት እጃቸውን ይዘን ቤቱን እናዙራቸው።