ቆሎ የሚቆረጥመው ሞተር

ታናሽ ወንድሜ ሞተር ሳይክሉን ሊሸጥ መሆኑን የነገረኝ በ2001 ዓ.ም. ጥር ውስጥ፣ ፍኖተ ሰላም ልጠይቀው በሄድኩበት ጊዜ ነው። «ጋሼ፣ አንተ አጠገቤ ብትቆም ገዢው ያምነኛል» አለኝ። መምህር ነኛ! ያውም የሥነ ጽሑፍ። አገራችን ደግሞ ስለ ሞተር ምንም ከማያውቅ መምህር የምትሰማውን ያህል ከሚያውቅ መካኒክ አትሰማም።

ሞተሩ በሐራጅ የተገዛ አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ነው፤ ከቤንዚኑ ጋር ዘይት አብሮ የሚያነድ፣ ጭሱን እየተወ የሚሄድ ቱ ስትሮክ። ወንድሜ እህልና በርበሬ ፍለጋ ቡሬ ድረስ፣ አንዳንዴም በነቀምት መንገድ እስከ አባይ ሸለቆ ተመላልሶበታል።

ከኋላው ተፈናጥጬ ወደ ቡሬ ጉዞ ጀመርን። ማንኩሳ ስንደርስ እንደ ልማዴ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ ስለነቦጋለ መብራቱ ላወራለት አፌን ስከፍት ከሥሬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ድምፅ! ዳገት ላይ ይብስበታል። «ምንድን ነው እሱ?» ብለው፣ «ያረጀ ነገር ያጉረመርማል፣ ምን ታደርገዋለህ» አለና ነዳጁን ጨመረ። ድምፁ በጩኸቱ ተዋጠ።

ቡሬ ውስጥ ግን ለማንኛውም ብለን አንድ ወጣት መካኒክ ዘንድ ጎራ አልን። ልጁ ሞተሩን አስነስቶ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደገፈ። ከዚያ ለእኔ ሰጠኝ። «መምህር፣ ይስሙ። ላይ ሲሊንደሩ ጋ ቀጭን ኳኳታ ቢሆን ፒስተኑ ነው። ታች እንደ ወፍጮ ቢያጉረመርም የኮሎው ኩሽኔታ ነው። ይሄ ግን ታች ሆኖ ከባድ ምት ይመታል። የቢዬላው ኩሽኔታ ነው።» ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ፣ ቢዬላ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ለተማሪዎቼ ስለ ውሰት ቃላት ሳስተምር እነዚህን እጠራ ነበር፤ ምን እንደሚሠሩ ግን አላውቅም ነበር።

ልጁ እርግጠኛ ለመሆን ቴስታታውንና ሲሊንደሩን አንስቶ ቢዬላውን በሁለት ጣቱ ያዘ። ወደ ጎን ገፋው፤ ትንሽ ተላወሰ። «ይሄ ተፈቅዶለታል፣ ሲሠራም እንዲህ ነው» አለ። ቀጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች ሳበው። ጠቅ፣ ጠቅ አለ። «ይሄ ግን አልተፈቀደለትም።»

ከዚያም ወንድሜን፣ «የአባይን ቁልቁለት ነዳጅ ዘግተህ ነው የምትወርደው?» ሲል ጠየቀው። ወንድሜ ቤንዚን ለመቆጠብ ሁልጊዜ እንደዚያ ያደርጋል። ለካ ዘይቱ የሚደርሰው ከነዳጁ ጋር ኖሯል! ነዳጁ ሲዘጋ ኩሽኔታው በፍጥነት እየተሽከረከረ ይደርቃል። መፍትሔው ኮሎውን አውጥቶ ባሕር ዳር ቶርኖ ቤት ልኮ፣ በመጫኛ ማሽን አስፈልቅቆ፣ ኩሽኔታውን ከነቢዬላው መቀየር ነው። ዝም ብሎ መንዳት ደግሞ አንድ ቀን ቢዬላው ተሰብሮ የሞተሩን ሆድ እንዲበሳ መፍቀድ ነው።

«ግጠመው» አለ ወንድሜ። ገጠመው።

ገዢው ከሰዓት በኋላ እዚያው ድረስ መጣ። የበርበሬውን ሽያጭ በጨርቅ የቋጠረ የገጠር ወጣት ነው። ሞተሩ በአንድ ምት ተነሳ። ጭነት ሳይኖርበት በቁሙ ሲሠራ ድምፁ ላልለመደ ጆሮ አይለይም። ወጣቱ ወደ እኔ ዞረና፣ «እርስዎ መምህር ነዎት አሉኝ፤ እንዴት ነው ሞተሩ?» አለ።

«ብዙ አገልግሏል» አልኩት።

ውሸት አይደለም። ሰሙ ምስጋና፣ ወርቁ መርዶ። የቅኔ አገር በሆነው በጎጃም ምድር ቆሜ፣ ስንት ዓመት ያስተማርኩትን ሰምና ወርቅ እንዲህ ተጠቀምኩበት። ባለቅኔዎቹ ፊት ለፊት ሊናገሩት የማይችሉትን እውነት ለኃያሉ ያቀብሉበት ነበር፤ እኔ እውነትን ከአንድ ገበሬ ሸሸግሁበት። ልጁ ሰሙን ይዞ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረ።

መካኒኩ አንድ ቃል አልተናገረም። ካቻቢቴውን አንስቶ ለገዢው አቀበለው። «ጆሮህ ላይ አድርገው» ብቻ አለ።

ልጁ ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ ሰማ። ከዚያ መካኒኩን ጠየቀ፤ መካኒኩም የጥገናውን ወጪ ሳይቀር ነገረው። ሞተሩ በመጨረሻ ተሸጠ፤ ከዋጋው ላይ ግን ጥገናው ተቀነሰ። እኔና ወንድሜ በሚኒባስ ስንመለስ ማንኩሳን አለፍን። ስለ ቦጋለ መብራቱ አላወራሁም። ወንድሜ ፍኖተ ሰላም መግቢያ ላይ፣ «ልጁ ባይሰጠው ኖሮ ትነግረው ነበር?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ዛሬም ወጣት ደራሲያን ረቂቅ ይዘው ይመጡና፣ «እንዴት አገኙት?» ይሉኛል። «ብዙ ደክመህበታል» ማለት ይቃጣኛል። ያኔ ከሥሬ የሆነ ቦታ ቆሎ ሲቆረጠም ይሰማኛል። ወንበሬን ሳብ አድርጌ፣ «እስቲ ቁጭ በል» እላለሁ።